ውሃው የአላህ፣ ፓምፑ የማን?



ባለፈው መጋቢት የተማሪዎቼን ፈተና አርሜ እንደጨረስኩ አክስቴን ልዘይር ለሦስት ቀን ወደ ወገራ ደጋ ወጥቼ ነበር። አገሩ ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ አምባ ጊዮርጊስን ካለፉ በኋላ ከአውራ ጎዳናው ተገንጥሎ በእግር የሚደረስበት ነው። መጋቢት ለዚያ አገር ሰው ክፉ ወር ነው። ገብሱና ባቄላው ተወቅቶ ከገባ ወራት አልፎታል፤ ምንጮቹ ቀጥነዋል፤ ክረምቱ ገና ሩቅ ነው። ሴቶቹ ከፈጅር በፊት ተነስተው ጀሪካናቸውን ያሰልፋሉ።

በሁለተኛው ቀን ከዐስር ሶላት በኋላ ደጅ ተቀምጠን ቡና እየጠጣን ሳለ መጠይቅ የያዘች አንዲት ወጣት መጣች። ከተራራው ሥር ያለውን ትልቅ ምንጭ አጎልብቶ በቧንቧ ወደ መንደሩ ለማምጣትና ሁለት ቦኖ ለማቆም ታስቧል አሉ። እሷም ከዚያ በፊት ሕዝቡን የምትጠይቀው ነበራት። ቡናዋን ተቀበለችና ጀመረች።

«እማማ፣ ዓመቱን ሙሉ የማይቋረጥ ንጹሕ ውሃ በቅርብ ቢመጣልዎ በወር ስንት ብር ለመክፈል ፈቃደኛ ነዎት?»

አክስቴ ስኒውን አስቀመጠች። «የትኛውን ውሃ ነው የምትይኝ ልጄ? ሲመረቅ የሚመጣውን ነው ወይስ ከተመረቀ በኋላ የሚቀረውን?»

ልጅቱ ሳቀች። በወረቀቷ ላይ ግን ለእንዲህ ዓይነቱ መልስ የተዘጋጀ ቦታ አልነበረም። እኔም የዚህን ወር ዓምድ በዚሁ ጉዳይ ላይ ለመጻፍ ያሰብኩት ያን ጊዜ ነው።

ልጅቱ የያዘችው ጥያቄ የምጣኔ ሀብት ምሁራን «የመክፈል ፈቃደኝነት» የሚሉት ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። ገና ያልተሠራን አገልግሎት ለሰውየው በደንብ ይገልጹለታል። ከዚያ አንድ ዋጋ ይጠሩለታል። እሺ ካለ ከፍ ያደርጋሉ፤ አይሆንም ካለ ዝቅ ያደርጋሉ፤ መጨረሻ ላይ ከዚህ በላይ አልከፍልም የሚልበት ድንበር ላይ ይቆማሉ። ገና በሌለ ገበያ ላይ ዋጋ መጠየቅ ማለት ነው። ይህ ዓይነቱ ጥናት በአገራችን ብዙ ወረዳዎች ተካሂዷል፤ የመመረቂያ ጽሑፋቸውን በዚሁ ላይ የሠሩ ተማሪዎችም ጥቂት አይደሉም።

ችግሩ መልሱ ምን ያህል ይታመናል የሚለው ነው። እኛ አገር መቼም እንግዳን አሳፍሮ መመለስ ነውር ነው፤ ስለዚህ ለጠያቂው ደስ እንዲለው ብቻ «እከፍላለሁ» የሚል ይኖራል። ፕሮጀክቱ ወደ ጎረቤት ቀበሌ እንዳይሄድበት ሰግቶ ከፍ አድርጎ የሚጠራ አለ። ታሪፉ የሚወሰነው እኔ በጠራሁት ነው ብሎ ዝቅ የሚያደርግም አለ። በምዕራብ ኬንያ ማይክል ክሬመርና ባልደረቦቹ የሠሩት፣ እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ጥናት በዚህ ላይ ጥሩ ትምህርት ይሰጣል። ምንጮችን በኮንክሪት ከልሎ ማጎልበት የሕፃናትን ተቅማጥ በሩብ ያህል እንደቀነሰ አረጋገጡ። ሰዎቹ ለዚህ ውሃ ምን ያህል ዋጋ እንደሚሰጡ ለማወቅ ደግሞ በቃል ብቻ አልጠየቁም፤ ንጹሑን ውሃ ፍለጋ ስንት ደቂቃ አልፈው እንደሚሄዱ ለኩ። በእግር የተለካው ዋጋ በአፍ ከተነገረው በብዙ ያነሰ ሆኖ ተገኘ።

ታዲያ ገበሬው ለውሃ መክፈል አይፈልግም ማለት ነው? አይደለም። እንዲያውም አሁንም እየከፈለ ነው፤ ክፍያው በብር ስላልሆነ ብቻ ማንም አይቆጥርለትም። እስኪ እኛ እንቁጠረው። በ2008 ዓ.ም. በተጀመረው ሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ለአንድ የገጠር ነዋሪ የተቀመጠው መለኪያ በቀን 25 ሊትር ውሃ፣ ከ1 ኪሎ ሜትር ባልራቀ ቦታ የሚል ነበር። አምስት ሰው ላለበት ቤት ይህ 125 ሊትር፣ ማለትም በሃያ ሊትር ጀሪካን ከስድስት በላይ ነው። በመጋቢት የአክስቴ ቤት የሚገባው ሦስት ጀሪካን ነው። አንዱ ጀሪካን ከነወረፋው አንድ ሰዓት ይፈጃል። በቀን ሦስት ሰዓት በወር 90 ሰዓት ይሆናል፤ ስምንት ሰዓት እንደ አንድ የሥራ ቀን ቢያዝ ከአሥራ አንድ ቀን በላይ። ከአሥራ ሁለት ወር አንዱን ብቻ ነው የቆጠርኩት። ሃያ ኪሎ ተሸክሞ ዳገት መውጣትን በዚህ ሒሳብ ውስጥ አላስገባሁም፤ እንዴት እንደሚገባም አላውቅበትም።

ይህን 90 ሰዓት የሚከፍለው ማነው? የአክስቴ የልጅ ልጅ ነች። ስምንተኛ ክፍል ነች፤ በመጋቢትና በሚያዝያ አንደኛውን ክፍለ ጊዜ አዘውትራ አትደርስበትም። መምህር ስለሆንኩ ይህ ነገር ከሌላው ይልቅ ያመኛል። በሱረቱል ቀሶስ የተነገረውን የነቢዩ ሙሳን (ዐ.ሰ.) ታሪክ ታስታውሱታላችሁ። ወደ መድየን ሲደርሱ እረኞቹ ውሃውን ከበው ሲያጠጡ፣ ሁለት ልጃገረዶች ግን ከብቶቻቸውን እያገዱ ወደ ኋላ ቀርተው አገኙ። አባታቸው ሽማግሌ ነበሩ። ሙሳ (ዐ.ሰ.) አጠጡላቸውና ወደ ጥላው ዘወር አሉ። በየደጋው ምንጭ ዳር ዛሬም ወደ ኋላ የቀሩ ልጃገረዶች አሉ።

በሽታውም ሌላ ክፍያ ነው። ክልላችን በዓለም ላይ ትራኮማ እጅግ ከተስፋፋባቸው ቦታዎች አንዱ መሆኑን ሐኪሞቹ ደጋግመው ነግረውናል። ልጅ ፊቱን በየቀኑ ካልታጠበ ዝንብ ከዓይን ዓይን ታዛምተዋለች። ሦስት ጀሪካን ብቻ የሚገባበት ቤት ውሃውን ለወጥና ለመጠጥ ካዋለ በኋላ ለፊት መታጠቢያ የሚተርፈው ስንት ነው? ይህ አዲስ ግኝት አይደለም። የዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1954 የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ ሲመሠረት ከጤና መኮንኖችና ከማኅበረሰብ ነርሶች ጋር ሳኒታሪያኖችንም ያሠለጥን ነበር። ምንጭ መከለልና መጸዳጃ ማስቆፈር የእነሱ ሥራ ነበር። አባቶቻችን ሳኒታሪያን የሚለውን ቃል ከእነሱ ነው የተማሩት።

በከተማችን በጎንደርም ነገሩን እናውቀዋለን። ከአንገረብ ግድብ የምናገኘው ውሃ ከሕዝቡ ብዛት ጋር አልተመጣጠነም፤ ግድቡንም ደለል ጎድቶታል። በመገጭ ግድብ ላይ የተጣለው ተስፋ ደግሞ ስንት ዓመት እንዳስጠበቀን አዲስ ዓለምም ሆነ አዘዞ ያለ ሰው ሁሉ ያውቃል። ቧንቧው በፈረቃ ሲመጣ ሰው በጋሪና በአህያ የሚመጣ ጀሪካን ይገዛል። ለአንድ ጀሪካን የምንከፍለውን ከቆጣሪው ሒሳብ ጋር ያነጻጸረ ሰው ድሃው ከሀብታሙ የበለጠ ዋጋ እንደሚከፍል ወዲያው ያየዋል። ጉዳዩ የእኛ ብቻ አይደለም። በናይጄሪያ ኦኒትሻ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ የተደረገ ጥናት ነዋሪዎቹ ለውሃ ሻጮች የሚከፍሉት ገንዘብ የቧንቧውን መሥመር ለማሠራትና ለመጠገን ከሚያስፈልገው ከእጥፍ በላይ መሆኑን አሳይቷል።

እንግዲህ ሰው እየከፈለ ከሆነ የመንደሩ የውሃ ኮሚቴ ሣጥን ለምን ባዶ ይሆናል? ይህን ለመመለስ የአክስቴን መንደር ጉድጓድ ታሪክ ልንገራችሁ። በዚህ ታሪክ ውስጥ እኔም ጥፋት አለብኝ።

በክልላችን ከፊንላንድ መንግሥት ጋር በመተባበር ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ሲሠራበት የቆየ የገጠር ውሃ ፕሮግራም አለ። በ1990ዎቹ አጋማሽ አንድ ጥሩ ዘዴ አመጣ፤ ይኸውም የግንባታው ገንዘብ በቢሮ ከሚያዝ ይልቅ በቀድሞው አብቁተ፣ በዛሬው ፀደይ ባንክ በኩል ለሕዝቡ ኮሚቴ እንዲደርስ ነው። ሕዝቡ ራሱ ይጠይቃል፣ ራሱ ያስቆፍራል፣ ድንጋይና አሸዋ ያቀርባል፣ ለጥገና የሚሆን ገንዘብም አስቀድሞ ይቆጥባል። የፌዴራሉ የውሃ ሀብት አስተዳደር ፖሊሲም በ1991 ዓ.ም. ሲወጣ የገጠሩ ሰው ቢያንስ የማሠሪያውንና የመጠገኛውን ወጪ እንዲሸፍን፣ ከተሜው ግን ሙሉ ወጪውን እንዲከፍል ነው የወሰነው።

የአክስቴ መንደር ጉድጓድም በዚህ ዓይነት መንገድ ከዘጠኝ ዓመት በፊት ተቆፈረ፤ የአፍሪዴቭ የእጅ ፓምፕም ተተከለበት። መንደሩ ሙስሊምም ክርስቲያንም ያለበት ነው፤ ድንጋዩን በደቦ የተሸከሙት አብረው ነው። ክፍያው በወር በቤት አምስት ብር፣ ለጠባቂው ደግሞ በጥር አንድ አንድ ቁና እህል እንዲሆን ተስማሙ። ሁለት ዓመት ሙሉ ያልከፈለ ሰው አልነበረም።

በሦስተኛው ዓመት የፓምፑ ጎማ ተበላ። አፍሪዴቭ የተሠራው የመንደር ሰዎች፣ ሴቶችም ጭምር፣ በአንድ ቁልፍ ፈተው እንዲጠግኑት ተብሎ ነው። ነገር ግን መፍቻው መንደሩ ውስጥ አልነበረም፤ ጎማውም በገበያ አልተገኘም። ባለሙያ እስኪመጣ ሰባት ሳምንት አለፈ። በሰባቱ ሳምንት ሕዝቡ ወደ ድሮው ምንጭ ተመለሰ፤ ሁለት ልጆች በተቅማጥ ተይዘው ጤና ጣቢያ ሄዱ። ፓምፑ በተጠገነ ማግስት ኮሚቴው የነዚያን ሰባት ሳምንታት ክፍያ ጭምር ጠየቀ። «ለቆመ ፓምፕ?» አለ ሕዝቡ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከፋዩ ሳሳ።

ይህ በአንድ መንደር ብቻ የሆነ ነገር አይደለም። በ2003 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ የውሃ ተቋማት ሲቆጠሩ ከገጠሩ ሩብ ያህሉ የማይሠሩ ሆነው ተገኝተዋል። የዓለም ባንክ ተመራማሪዎች በላቲን አሜሪካ፣ በአፍሪካና በደቡብ እስያ አገሮች ጠይቀው እ.ኤ.አ. በ1993 ያወጡት ጽሑፍም ዋና ነጥቡ ይኸው ነበር። የገጠር ሰው ከገቢው ከመቶ ከሦስት እስከ አምስት ይከፍላል የሚለው የቢሮ ሒሳብ እንደማይሠራ፣ ሰው ለማይታመን ውሃ ጥቂቱንም እንደማይከፍል፣ ለሚታመን ውሃ ግን ከታሰበው በላይ የሚከፍልባቸው ቦታዎች እንዳሉ አሳይተዋል። አክስቴ ይህን ጽሑፍ አላነበበችም።

አሁን ወደ ራሴ ጥፋት ልምጣ። በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ የኮሚቴውን ሒሳብ እንድመረምር መንደሩ ጠየቀኝ። መድረሳም አስኳላም የተማርኩ ስለሆነ ሁለቱም ወገን አመነኝ። ገንዘብ ያዡ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው። ደብተራቸው ውስጥ የከፋዩ ሁሉ ስምና የጣት አሻራ ነበረበት። በሁለት ሳምንት እመልሳለሁ ብዬ ደብተሩን ይዤ ወደ ጎንደር ወረድኩ። መጀመሪያ ትምህርት ተከፈተ፣ ቀጥሎ ፈተና መጣ፣ ከዚያ በክልሉ በነበረው ግጭት መንገዱ ተዘጋ። እውነቱን ለመናገር መንገዱ ከመዘጋቱ በፊት አምስት ሳምንት ክፍት ነበር። ደብተሩ የመጽሐፍ መደርደሪያዬ ላይ አራት ወር ተቀመጠ።

ስመለስ ሒሳቡ አንድ ብር አልጎደለም ነበር። ነገር ግን በአራቱ ወር ማንም አልከፈለም፤ የሚፈረምበት ደብተር የለማ! ወሬው ደግሞ በየቡናው ተነስቷል፦ «ደብተሩ ተሰወረ፤ ገንዘብ ያዡ በላው።» ይቅርታ ልጠይቅ ቤታቸው ሄድኩ። ወንበር ሰጡኝ፣ ጠላ እንደማልጠጣ ስለሚያውቁ ልጃቸውን ወተት አስቀዱልኝ። ከዚያም እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ አንተን አልከስህም። ሣጥኑን ግን ሌላ ሰው ይያዘው። እኔ ልጆቼ ፊት ሌባ ተብያለሁ።»

አማና የሚለውን ቃል በመድረሳ ስንማር ብዙውን ጊዜ የምናስበው አደራ የተሰጠን ገንዘብ አለመብላትን ነው። እኔ ምንም አልበላሁም። ደብተሩን በጊዜው አለመመለሴ ግን የአንድ ሐቀኛ ሰው ስም በላ፤ የመንደሩንም ውሃ ሊበላ ነበር።

በዚያን ሰሞን ሌላ ክርክርም ተነሣ። አንድ የመንደሩ ወጣት፣ የሚያነብ ልጅ ነው፣ ከጁሙዓ በኋላ ተነስቶ «ውሃ መሸጥ ሐራም ነው፤ ከእንግዲህ አንከፍልም» አለ። መሠረት የሌለው ንግግር አይደለም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሙስሊሞች በውሃ፣ በግጦሽና በእሳት ተጋሪዎች መሆናቸውን ማስተማራቸው በአቡ ዳውድ ተዘግቧል። ትርፍ ውሃን መሸጥ መከልከላቸው በሙስሊም ዘገባ አለ። ትርፍ ውሃ እያለው መንገደኛን የከለከለ ሰው በትንሣኤ ቀን አላህ ፊቱን ከሚያዞርባቸው እንደሚቆጠር ደግሞ በቡኻሪ ተዘግቧል።

የመንደሩ ሸኽ ልጁን አላቃለሉትም። አስቀምጠው ጠየቁት፤ «በጫካ ያለ ማገዶ የማን ነው?» «የሁሉም» አለ። «ሰውየው ቆርጦ አስሮ ተሸክሞ ገበያ ቢያወጣውስ?» ዝም አለ። አብዛኞቹ ዑለማዎች ወንዝ፣ ምንጭና ዝናብ በቦታቸው ሳሉ የሁሉም እንደሆኑ፣ በድካም ተቀድቶ በዕቃ የተያዘን ውሃ ግን መሸጥ እንደሚቻል ነው የተረዱት። እኛ የምንከፍለው ደግሞ የውሃ ዋጋ እንኳ አይደለም፤ የጎማ፣ የኩሽኔታ፣ የዘንግና የጠባቂው ቁና ነው። ውሃው የአላህ ነው፤ ፓምፑ ግን በየጊዜው ይበላል።

ሸኹ ግን በዚህ አላበቁም። በዚያው ሳምንት ጠባቂው አንዲትን ባሏ የሞተባት ሴት የስድስት ወር ክፍያ አልከፈልሽም ብሎ ጀሪካኗን ባዶ መልሶባት ነበር። ሸኹ ይህን ሲሰሙ ተቆጡ። መንገደኛና የተጠማ ሰው ከነጭራሹ አይጠየቅም፤ የቲም የምታሳድግ ሴት ካልቻለች ድርሻዋን ሌሎቻችን እንሸፍናለን፤ የሚችል ሆኖ እምቢ ያለን ግን ኮሚቴው ይቅጣው አሉ። የክርስቲያኖቹ ሽማግሌዎችም ተስማሙ። እኔ ሒሳቡን ሠራሁት። አቅም የሌላቸው ቤቶች አራት ነበሩ፤ የእነሱ ድርሻ ለሌላው ቤት ሲካፈል በወር አንድ ብር አይሞላም። ለዚህ ነው ያቺ ሴት ውሃ ተከልክላ የሄደችው።

አሁን ጥቂት ቃል በጅዳ፣ በሪያድ፣ በዱባይና በአሜሪካ ላላችሁ ወንድሞችና እህቶች። ለሞቱ ወላጆቻችሁ ሰደቀቱል ጃሪያ ብላችሁ ጉድጓድ ታስቆፍራላችሁ፤ አላህ ይቀበላችሁ። ሰዕድ ኢብን ዑባዳም (ረ.ዐ.) ለሞቱ እናታቸው የትኛው ሰደቃ እንደሚበልጥ ሲጠይቁ ውሃ መሆኑ ተነግሯቸው ጉድጓድ አስቆፍረዋል። ነገር ግን በእብነ በረድ ላይ ስም ተጽፎ፣ ፎቶ ተነስቶ፣ በሁለተኛው ዓመት የቆመ ፓምፕ በዓይኔ አይቻለሁ። ስሙ ይነበባል፤ ውሃው የለም። ጃሪያ ማለት የሚፈስ፣ የማይቋረጥ ማለት አይደለም ወይ? የፊቅህ ሊቃውንት ከወቅፍ ገቢ ላይ መጀመሪያ የሚነሣው ለወቅፉ ማደሻ እንደሆነ ያስተምራሉ፤ የሐነፊዎቹማ ወቅፍ አድራጊው ባይናገረውም እንኳ ይነሣል ይላሉ። እድሳት ከሌለ ወቅፉ ራሱ አይኖርምና። የዓባሲዩ ኸሊፋ የሃሩን አር-ረሺድ ባለቤት ዙበይዳ ለመካ ያስመጣችው ውሃ ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ ያገለገለው ሠሪው ስለተካነ ብቻ አልነበረም፤ በየዘመኑ የሚጠግነው ስለተገኘ ነው።

የዑስማን ኢብን ዐፋንን (ረ.ዐ.) ታሪክ ደግሞ ሁላችንም እናወራዋለን፤ የሩማን ጉድጓድ ገዝተው ለሙስሊሞች ሰጡ። የማናወራው አንድ ነገር አለ። ጉድጓዱን የሚገዛ ሰው ባልዲው ከሌላው ሰው ባልዲ እኩል እንዲሆን፣ ማለትም ገዛሁ ብሎ ብልጫ እንዳይወስድ ተነግሮ ነበር። እኔ ወጣሁበት ብሎ የወረፋውን ፊት የሚይዝ የለጋሽ ዘመድ በየመንደሩ እንዳለ እናንተም ታውቃላችሁ፤ ስለዚህ እዚህ ላይ አልረዝምም።

ጉድጓድ ልታስቆፍሩ የምታስቡ ካላችሁ ከመላካችሁ በፊት የምትጠይቁት አለ። መፍቻውና አንድ ዓመት የሚበቃ መለዋወጫ በማን ቤት ይቀመጣል? ከመንደሩ ማን ይሠለጥናል? የመጀመሪያው ብልሽት ገንዘብ የት ተቀመጠ? ለእብነ በረዱ የሚወጣው ለብዙ ጎማ ይበቃል።

የእኛ መንደር ነገር እንዲህ ሆነ። ፓምፑ ከቆመ ለቆመበት ቀን አይከፈልም፤ ይህን ሕዝቡ ራሱ አስጻፈ። በየወሩ አምስት ብር መሰብሰቡ ቀረ። ገበሬ ደመወዝተኛ አይደለም፤ በሐምሌና በነሐሴ እጁ ባዶ ነው፤ ደግሞም በክረምት ሜዳው ሁሉ ምንጭ ስለሆነ ፓምፑን ይረሳዋል። ስለዚህ የዓመቱ በአንድ ጊዜ በጥርና በየካቲት፣ እህል ሲሸጥ ይከፈላል። የከፈለውና የወጣው በወሩ መጨረሻ ለሙስሊሞቹ ከጁሙዓ በኋላ፣ ለክርስቲያኖቹ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጮክ ተብሎ ይነበባል። ደብተሩ ከመንደሩ አይወጣም፤ ይህን አንቀጽ ያስጨመርኩት እኔ ነኝ። መፍቻውና መለዋወጫው አንዲት ወጣት ሴት ቤት ነው፤ ባለፈው ጥቅምት ጎማው ሲበላ እሷና ጎረቤቷ በአንድ ከሰዓት ቀይረውታል።

አንድ ነገር ለባለሙያዎቹ ልጨምር። በዚያ መንደር ጥያቄው ሲጠየቅ በአብዛኛው ቤት የመለሰው አባወራው ነው። ኪሱ የእሱ ነው፤ ጀርባው ግን የሚስቱና የልጁ። በሁለት ቤት ባልየው የጠራውን ዋጋ ሚስቱ ከጓዳ ሆና እጥፍ አድርጋ ስትጠራ ሰምቻለሁ፤ ልጅቱ የጻፈችው ግን የባልየውን ነው። አክስቴ ባሏ ስለሞተባት ኪሱም ጀርባውም የራሷ ነው። የእሷን መልስ ያመንኩት ለዚህ ነው።

ያን ዕለት ልጅቱ ጥያቄዋን በሌላ አነጋገር ደገመችላት። «እማማ፣ ውሃው በእርግጥ የማይቋረጥ ቢሆንስ?»

«ሒሳቡን ማን ያነበዋል?»

«ኮሚቴው።»

«ከጁሙዓ በኋላ?»

ልጅቱ ወደ እኔ ተመለከተች። እኔም አዎ በያት በሚል ራሴን ነቀነቅሁ። አክስቴ ጥቂት አሰበችና በወር ሠላሳ ብር አለች፤ ቀድሞ ለጉድጓዱ ስትከፍል ከነበረው ስድስት እጥፍ ማለት ነው። ልጅቱ ጻፈች። አክስቴ ግን ብዕሩን እያየች «ከመጣ የሚለውን ጻፍሽው?» አለቻት። ቦታ ስላልነበረው በኅዳጉ ላይ ጻፈችው።

በማግስቱ ስወርድ በሽማግሌው ደጅ አለፍኩ። የዓመቱን ከፍለው አሻራቸውን አኑረዋል። ወደ ስብሰባው ግን እስካሁን አይመጡም።